ግራው አይሰራም

የልብስ ፋብሪካው ሰዎች ልጅቷን «ቅብጥብጥ» ይሏት ነበር። አንድ ቦታ ረግታ አትቀመጥም። ምሳ ሰዓት ላይ ከአንዱ ወንበር ወደ ሌላው ትዘዋወራለች፤ መንገድ ላይ ከባልንጀራዋ ጋር ጥቂት ሳትራመድ ዞራ በሌላው ጎን ትሄዳለች፤ ሰው በድንገት ከኋላዋ ከተናገረ እንደ ፌንጣ ትዘላለች። ስሙን በሳቅ ተቀብላው ትኖር ነበር። እውነቱን የምታውቀው እናቷ ብቻ ናት፤ ልጅቷ በሕፃንነቷ ትኩሳት ጥሏት ከተነሣች ወዲህ ግራ ጆሮዋ አይሰማም። መቀመጫ የምትቀያይረው ሰውን ሁሉ በቀኟ ለማድረግ ነበር።

እናቷ ገመናዋን ለባዕድ እንዳታወጣ፣ ቀለበት እስክታስር ድረስ ትንፍሽ እንዳትል ትመክራታለች። እሷም ትንፍሽ አላለችም። ዝምታው ግን እንደ ጠባብ ጫማ በሄደችበት ሁሉ ይቆረቁራት ነበር።

አንድ ሰሞን የስፌት ክፍሉ ሴቶች ርካሽ ኢርፎን መግዛት ጀመሩ። ከጎኗ የምትሰፋው ልጅ፣ ላስቲኩ ጆሮ ውስጥ ጥብቅ ብሎ ሲገባ ዘፈኑ አናት መሃል የሚዘፈን ይመስላል ብላ ነገረቻት። ይህች ወሬ ልቧን አላስቀምጥ አለቻት። ከውጭ የሚመጣ ድምፅ ያልቀሰቀሰውን ጆሮ፣ ውስጡ ድረስ የሚዘልቅ ድምፅ ቢቀሰቅሰውስ? ሞኝነት መሆኑ አልጠፋትም። ተስፋ ግን ምክር አይሰማም።

ከሥራ ስትወጣ አውቶቡስ መጠበቂያው ፊት ለፊት ካለችው ጠባብ የሞባይል መጠገኛ ገባች። ጠጋኙ ከሲታና ዝምተኛ ወጣት ነው፤ የአንዱን ስልክ ሆድ ዕቃ ዘርግፎ አቀርቅሯል። ከሁሉ የሚረክሰውን እንዲሰጣት ጠየቀችው። ማሸጊያውን ቀዶ፣ ገመዱን ፈታትቶ፣ የራሱ ስልክ ላይ ሰካላት።

«ሞክሪው እህቴ። ርካሽ ዕቃ ሳይሞከር አይወሰድም።»

ላስቲኮቹን ጆሮዋ ውስጥ ከተተች። የማታውቀው ዘፈን ተጀመረ። አንድ ወንድ ለምን ሄድሽ ብሎ ይጠይቃል፤ ዝም ይላል፤ ደግሞ ይጠይቃል። ቀኙ ዘፈነ። ግራው ጭጭ።

«ግራው አይሰራም» አለችው።

ሌላ ከፈተላት። እሱም አልሰራም። ሦስተኛውንም አልሰራም ስትለው ጠጋኙ ሸቀጡን ያመጣለትን ነጋዴ እያማረረ ይቅርታ ጠየቃት። ከዚያም ቀኙን ከጆሮዋ ሳያወጣ፣ ግራውን ብቻ ቀስ ብሎ ስቦ የራሱ ጆሮ ውስጥ ከተተው።

ገመዱ አጭር ስለሆነ ፊቱ ወደ ፊቷ ቀረበ። ግንባሩን ቋጥሮ አዳመጠ፤ ግንባሩ ቀስ በቀስ ተፈታ። ቀና ብሎ አያት። መረዳቱን ተረዳች። እሷም ኢርፎኑን ከጆሮዋ ነቅላ ባንኮኒው ላይ ጣለችና ወጣች፤ የደረሰላትን አውቶቡስ የት እንደሚሄድ እንኳ ሳትጠይቅ ዘላ ገባች።

ከዚያ ወዲህ ሰላም ራቃት። በዚያ በኩል ላለማለፍ መንገድ ታራዝማለች። ሰው ሲሳሳቅ ካየች በእሷ የሚሳሳቅ ይመስላታል። ስትሰፋ መርፌ ትሰብራለች። በዚህ መሃል እናቷ አንድ ባለመጋዘን ለጋብቻ ሊያያት እንደሚመጣ ነገረቻት፤ የት እንደምትቀመጥ፣ እሱም የት እንደሚቀመጥ ሳይቀር አስባ ጨርሳለች። ልጅቷ እሺ አለች። የባለመጋዘኑን መልክ ለመገመት ስትሞክር ግን ፊቷ ላይ ድቅን የሚሉት የጠጋኙ ዓይኖች ነበሩ። ያ መልስ ያጣ ዘፋኝ ደግሞ ጆሮዋ ውስጥ ለምን ሄድሽ ይላታል።

አንድ ቀን ዝናብ መንገዱን ሁሉ ዘግቶ ወደ ድሮው መጠበቂያ መለሳት። ጠጋኙ አያት። ሱቁን እንደተከፈተ ትቶ መንገዱን ተሻገረ፤ በኋላዋ ዞሮም በቀኟ ቆመ። እስከ ዛሬ እንዲህ ያደረገላት ሰው አልነበረም።

«ለማን ለማን አወራህ?» አለችው ሳታየው።

«ስምሽን እንኳን አላውቅም። ለማን አወራለሁ?»

ከኪሱ ስልኩ ላይ የተሰካ ኢርፎን አወጣ። ገመዱን ከፍቶ የሁለቱን ወገን ድምፅ ወደ ቀኙ እንዳገናኘው፣ ሲያበላሽና ሲደግም እንደሰነበተ አፉ እየተሳሰረ አስረዳት። ቱግ አለች።

«እዘንልኝ ያልኩህ ይመስልሃል?»

«አላዘንኩም። የዘፈኑ ግማሽ ለምን ይቅርብሽ ብዬ ነው።»

ልትመልስለት ነበር። እጇ ግን እምቢ ብሎ ጆሮዋ ውስጥ ከተተው። ያ ዘፋኝ ለምን ሄድሽ አለ። ዝምታ በነበረበት ቦታ ላይ አንዲት ሴት መለሰችለት። ለካ ስትመልስለት ነው የኖረችው። አውቶቡሱ መጣ፤ በሩን ከፈተ፤ ዘግቶ ሄደ። እሷ እየሰማች አለቀሰች፤ እሱ በእጁ ዝናቡን ከስልኩ ላይ ይከልላል።

ባለመጋዘኑን እንደማታየው፣ የምትፈልገው ጠጋኙን እንደሆነ ለእናቷ ስትነግራት ቤቱ ተደበላለቀ። እናቷ ሞባይል ጠጋኝ የትም እንደማያደርሳት፣ ጉድለቷን ያወቀ ዕለት እሱም እንደሚሸሽ እየማለች ተናገረች። ቢሆንም ጠጋኙ ልጅቷን ሊጠይቅ ቤታቸው መጣ። እናት እንደ ልማዷ ልጇን ከግድግዳው ጥግ፣ እንግዳውን በቀኟ አስቀምጣ፣ ልጄ እንከን አይወጣላትም እያለች ታወድሳት ጀመር።

ልጅቷ ተነስታ ከጥጉ ወጣች።

«እማዬ፣ ግራ ጆሮዬ አይሰማም» አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ።

የእናትየው እጅ አየር ላይ ቀረ።

«አውቃለሁ እናቴ» አለ ጠጋኙ። «እያወቅኩ ነው የመጣሁት።»

እናት ሁለቱንም እያፈራረቀች አየቻቸው። ቀጥሎም ሻይህ በረደ ብላ ብርጭቆውን አነሳችና ወደ ጓዳ ገባች። እዚያ ስታለቅስ ሰሟት።

ተጋቡ። ቅብጥብጥነቷ ግን አልለቀቃትም፤ ቁጣዋም ቅርብ ነበር። በተጣሉ ቁጥር ጀርባዋን ሰጥታው ደህናውን ጆሮዋን ትራስ ውስጥ ትቀብራለች። ዓለም ጸጥ ይላል።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ እንዲሁ አኩርፋ ተኝታ ሳለ የባሏ ትንፋሽ ማጅራቷን ሞቅ አደረጋት። ይናገራል፤ ይቆማል፤ ደግሞ ይናገራል። እንደማይሰማት ያውቃል፤ ግን አልተወም። ልትችለው ሞከረች። አልቻለችም። ጭንቅላቷን ከትራሱ ቀና አደረገች።

«ምን እያልክ ነው?»

«ይቅርታ እየጠየቅኩሽ ነበር። ካልሰማሽው ግን አልቆጥረውም።»

«ድገመው» አለችና ዞረች።