በበረኛው ትከሻ ላይ

«ከመቶ ሰማንያ ስድስት!» አለ ዶክተር፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል።

«አሁንም ሰማንያ ስድስት? ቅድምም እኮ ሰማንያ ስድስት ነበር!» ፌንጣ ከወንበሩ ጀርባ አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ እግሯ ትቆማለች።

«ቅድም ሰማንያ አምስት ነበር። አንቺ ልጅ፣ እስቲ ትንሽ ተቀመጪ፤ ጭንቅላቴን አዞርሽው!»

መቀመጥ ለፌንጣ ቅጣት ነው። ስሙም የወጣላት በዚሁ ነው፤ አንደኛ ክፍል እያለች መምህሯ «ይቺስ ልጅ ሳትሆን ፌንጣ ናት» አሉ፣ ቤተሰቡም ተቀበለው፣ በቃ ቀረ። ዶክተር ደግሞ ዶክተር የተባለው የማያውቀውን ነገር ሁሉ እንደሚያውቅ አድርጎ ስለሚያወራ ነው። በዚህ ላይ ሲያወራ ፊቱ ቅይር አይልም። ሁለቱ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ አይለያዩም፤ ሲጣሉም አብረው ነው።

ዛሬ የኮምፒውተር ክበቦች ውድድር የመጨረሻ ቀን ነው። የተሰጣቸው ጥያቄ የከተማውን የተማሪ አውቶቡሶች የሚመለከት ነው፤ ሁሉም ባንዴ መጥተው እንዳይጨናነቁ ከብዙ ሺህ አማራጭ የተሻለውን ድልድል ማግኘት አለባቸው። በክበቡ አሮጌ ኮምፒውተር ቢሞክሩት እነሱ ተመርቀው እስኪወጡ እንኳ አይጨርስም። ስለዚህ ከአጥሩ ማዶ ያለው የምርምር ተቋም በትልቁ ማሽኑ እንዲጠቀሙ ፈቀደላቸው። የማሽኑ ጠባቂ ደግሞ የፌንጣ እናት ናት።

ትልቁ ማሽን ሲባል አንድ ኮምፒውተር አይደለም። ቁም ሣጥን በሚያህሉ መደርደሪያዎች ላይ የተሰካኩ ብዙ ኮምፒውተሮች ናቸው። ከፊት ያለውን «በረኛው» ይሉታል። ሰው ሁሉ የሚገባው በእሱ በኩል ነው፤ ሥራውን ለበረኛው ይሰጣል፣ በረኛው ወረፋ ያስይዘዋል፣ ተራው ሲደርስ ከኋላ ላሉት ሠራተኞች ያስተላልፍለታል። እናቷ ለክበቡ ልጆች ጣቷን ቀስራ የነገረቻቸው ሕግ አንድ ብቻ ነበር፦ «በረኛው ላይ ሥራ እንዳትጭኑ! እሱ ያስተናግዳል እንጂ አይሸከምም።»

ትናንት ወረፋቸው የትየለሌ ነበር። ዛሬ ጠዋት ግን ዶክተር «ተራችን ደረሰ! ገባልን!» ሲላት ፌንጣ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ ልታንቀው ምንም አልቀራትም።

የኪሷ ስልክ ጮኸ። እናቷ ናት፤ ከድምፅዋ በላይ የማሽኖቹ ማራገቢያ ይሰማል።

«ፌንጣዬ፣ ዛሬ እንዳትጠብቂኝ፣ ቀድመሽ ወደ ቤት ሂጂ። በረኛው ደንዝዞብኛል። ሰው ሁሉ ደጅ ቀርቷል።» ልትጠይቃት አፏን ስትከፍት ስልኩ ተዘጋ።

«በረኛው ደነዘዘ አለች» አለች ፌንጣ። «የእኛ ግን እየሄደ ነው አይደል?»

«የእኛማ ከኋላ ነው ያለው። ከበረኛው ጋር ምን አገናኘው?» አለ ዶክተር፣ ሳያያት።

«እስቲ አየት አድርጌ ልምጣ።»

«ኧረ ተይ፣ ምን ያደርግልሻል…» ሲል እሷ ደረጃው ላይ ደርሳለች።

የማሽኑ ክፍል ብርዱ አጥንት ይሰብራል። እናቷ ውጭ ፀሐይ እያለ ወፍራም ሹራቧን ለብሳ፣ ባለጎማ ጠረጴዛ ላይ ካለች ትንሽ ስክሪን ፊት ተደፍታለች። ከበሩ አጠገብ «ጎርፍ» ቆሟል። ጎርፍ ተመራማሪ ተማሪ ነው፤ ወንዙ ሲሞላ ውሃው የትኞቹን ሰፈሮች እንደሚያጥለቀልቅ በማሽኑ ያሰላል። ከዚህ ሌላ ወሬ ስለሌለው ስሙም ያው ሆነ።

«እማዬ፣ ምን ሆነ?»

«አንዱ ጉደኛ ግዙፍ ሥራውን በረኛው ላይ ጭኖበታል! ማን እንደሆነ ልይ ብል ደግሞ፣ አንድ ፊደል ነክቼ እስክትታየኝ ድረስ ሽበት አበቀልኩ።»

«እትዬ፣» አለ ጎርፍ ቀስ ብሎ፣ «አጥፍተው ቢያበሩትስ… የኔ ሥራ ይተርፋል?»

«ወረፋው በሱ፣ ማከማቻው በሱ፤ እሱን ካጠፋሁት ያንተም የሁሉም ይቋረጣል። መሃል መሃል ላይ እያስቀመጥክ ሂድ ብዬህ አልነበር?»

«ማስቀመጡ ያዘገየዋል ብዬ…» ጎርፍ ግድግዳውን ተደግፎ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። «ከአንድ ወር በላይ ሲሠራ የቆየ ነው። ሰኞ እኮ ነው የማቀርበው። ያለሱ ምን ይዤ እቀርባለሁ?» ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ፌንጣ ትልቅ ሰው እንዲህ ሲሆን አይታ ስለማታውቅ ዓይኗን የምታሳርፍበት አጣች።

እናቷ ስልኳን አነሳች። «ሥራ ላለው ሁሉ ደውዬ ልናገር። ከዚያ በኋላ ማጥፊያውን እጫናለሁ፤ ሌላ መላ የለኝም። ከመደንዘዙ በፊት የገባ ሰው ቢኖር ኖሮ፣ የራሱን ሥራ ከዚያው ሆኖ በሁለት ቁልፍ ያቆመው ነበር። አሁን እሱን ከየት አባቴ ላምጣው?»

ፌንጣ ክው አለች። የዶክተር ስክሪን ሰው ሁሉ ደጅ ቀርቶ ሳለ ቁጥር ሲቆጥር ታያት። እዚያው ልትናገር ነበር፤ ግን በዓይኗ ሳታይ ጓደኛዋን መክሰስ አስጠላት። «መጣሁ!» ብላ በረረች።

ዶክተር ከመቀመጫው አልተነሣም። ስክሪኑ ዘጠና አንድ ይላል። ፌንጣ እያለከለከች ጎንበስ አለችና ስክሪኑ ላይ በተከፈተው ጥቁር መስኮት ሥራው የሚሄድበትን ኮምፒውተር ስም ፈለገች። በሠራተኞቹ ላይ ቢሆን የሠራተኛው ቁጥር ይጻፍ ነበር። የነሱ ግን ጥርት አድርጎ «በረኛ» ይላል።

«ተራችን ደረሰ አላልከኝም?»

ዶክተር አንገቱን ደፋ። «ወረፋው ዛሬም አይደርሰንም ነበር።»

«ዋሸኸኝ!»

«ብነግርሽ እሺ ትይኝ ነበር?»

«በፍጹም!»

«አየሽ!»

ፌንጣ በጥፊ ብትለው ደስ ባላት። «ሰውየው እኮ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ሊያለቅስ ነው! እማዬ ልታጠፋው ነው፤ የሁሉም ሰው ሥራ ሊጠፋ ነው!»

«ስሚኝ፣ አታካብጂ» አለ ዶክተር፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እሷ ሳታጠፋው የእኛ ከጨረሰ በረኛው ራሱ ነፍስ ይዘራል። ማንም አይጎዳም፤ እኛም ውጤታችንን እናስገባለን። ካጠፋችው ደግሞ የማን እንደነበረ በምን ታውቃለች? ትንሽ ነው የቀረው፣ ትንሽ!»

«ደውዬ ጠብቂ ልበላት?»

«ከደወልሽማ አለቀልን! ክበቡ ይባረራል። አምና ሽልማቱ ለጥቂት አመለጠን፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ዕድሜያችን አይፈቅድም። ፌንጣ፣ አንቺም ፈልገሽው የለ?»

ፈልጋዋለች። እንዴት አድርጋ ፈልጋዋለች! ስሟ በአዳራሹ ሲጠራ፣ መድረኩ ላይ ሦስት ሦስት ደረጃ እየዘለለች ስትወጣ ስንት ጊዜ አልማዋለች። ወደ መስኮቱ ሄደች፣ ተመለሰች፣ እንደገና ሄደች። ከአጥሩ ማዶ የተቋሙ ጣሪያ ይታያል። እናቷ የምትደውልለት ስንት ሰው ቀርቷት ይሆን? ምናልባት ብዙ። ምናልባት አንድ።

«ዘጠና ሁለት!» አለ ዶክተር። «አላልኩሽም?»

ዘጠና ሁለት ሆኖ ቆየ። ፌንጣ ጥፍሯን እየበላች ጠበቀች። አሁንም ዘጠና ሁለት። ጎርፍ ፊቱን በእጁ እንደሸፈነ ፊቷ ላይ ድቅን አለባት፤ ልታባርረው ብትሞክር አልሄድ አለ። አሁን እዚህ ቆማ የምትጠብቀው በእሱ ሥራ ቁማር እየተጫወተች ነው።

«ተነሥልኝ።»

«ፌንጣ፣ በናትሽ…»

አልተነሣም። በትከሻው በኩል እጇን ዘርግታ ሁለቱን ቁልፎች ተጫነች። መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ከዚያ ቁጥሩ ጠፋ፤ ባዶው መስመር ላይ አንዲት ትንሽ ነጭ ሳጥን ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች።

«ገደልሽን» አለ ዶክተር፣ ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ።

የፌንጣ እንባ ዱብ ዱብ አለ። በእሱ ይሁን በራሷ ባታውቅም ተናዳለች። ስልኳን አወጣች።

«እማዬ፣ እንዳትጫኚው! ማጥፊያውን እንዳትጫኚ! እስቲ አሁን ሞክሪው።»

ማራገቢያው ብቻ ሲያጓራ ተሰማ። ከዚያ እናቷ «ተነሣ! ተነሣ!» ብላ ጮኸች። ከኋላዋ ጎርፍ እንደ ሕፃን ይስቃል፣ ወይም ያለቅሳል፤ አይለይም። ቀጥሎ የእናቷ ድምፅ ቀዘቀዘ።

«ፌንጣ፣ አንቺ በምን አወቅሽ?»

«የክበባችን ሥራ ነው። አሁን አቆምኩት።»

«ማን ነው የጫነው?»

ዶክተር ቀና ብሎ አያት። ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ።

«መጥቼ እነግርሻለሁ» አለች ፌንጣ፣ ስልኩንም ዘጋችው።

«ልትነግሪያት ነው?»

«አንተ ብትነግራት ይሻላል።»

«ባልመጣስ?»

«እኔ እነግራታለሁ።» አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ቦርሳዋን አነገተች። «ጓደኛዬ ስለሆንክ ግን መጀመሪያ አንተን እጠብቃለሁ።»

ወጥታ በሩን መለስ አደረገችው። ከዚያ የደረጃውን ብረት ይዛ፣ በሩ ይከፈት እንደሆነ እያዳመጠች፣ አንድ በአንድ መውረድ ጀመረች።