እርጥቡ ክምር

ሚራክል የጫረችው ክብሪት ክምሩን እንደነካ እስስ ብሎ ጠፋ። ሌላ ጫረች፤ እሱም ጠፋ። ኅዳር ሲታጠን ነው፤ ከአቃቂ በሰቃ ሰፈሮች ሁሉ ጭስ ከማለዳ ጀምሮ እየተነሳ ነው። የእነሱ መንደር ቆሻሻ ብቻ አልነድም አለ። በዙሪያው ከቆመው ሰው ሁሉ ምክንያቱን የምታውቀው ጓደኛዋ ሰልዋ ብቻ ነበረች። ትናንት አመሻሽ ላይ፣ በፈረቃ ከሚመጣው ውሃ ሁለት ጀሪካን ሙሉ ያፈሰሰችበት እሷ ናት።

ሚራክል የተወለደችው በኅዳር ሚካኤል ዕለት ነው። ስለዚህ የመንደሩ ትልቅ ሰው እማማ አማረች፣ ልጅቷ ክብሪት መያዝ ከቻለችበት ጊዜ ጀምሮ እሳቱን የምትለኩሰው እሷ እንድትሆን ፈርደዋል። ድሮ ያንን ክፉ የኅዳር በሽታ ከከተማው ያባረረው ጭስ ነው ይላሉ፤ ከእናታቸው የሰሙት ነው። ዘንድሮ ግን ሌላ ነገር አለ። ክረምት ላይ ሐኪም ሚራክልን አስም አለብሽ አላት። ወደ አፏ የምትነፋውን ሰማያዊ ፓፍ ትራሷ ሥር ትደብቃለች። ይህን የሚያውቁት እናቷና ሰልዋ ብቻ ናቸው፤ እናቷ ደግሞ ከቂሊንጦ የማታ ሥራዋ ገና አልተመለሰችም።

የምትደብቀው በሩጫው ምክንያት ነው። በሚመጣው ቅዳሜ የትምህርት ቤቶች ውድድር አለ፤ የቡድኑ ተስፋ ሚራክል ናት። አሰልጣኙ ቲቸር ሳህሌ ደግሞ አምና አንዱን ልጅ ልቡን ያመዋል ሲባል ሰምቶ በዚያው ቀን ከቡድኑ አስወጥቶታል። ሚራክል ይህን አልረሳችም። ለማንም እንዳትናገር ሰልዋን አስምላታለች፣ ሰልዋም ወላሂ ብላለች።

ትናንት ሰልዋ አመመኝ ብለሽ ቤት ቅሪ ብላ ብትለምናት አልሰማቻትም።

«አታካብጂ ባክሽ» አለቻት ሚራክል። «በየዓመቱ የማደርገውን ዘንድሮ ብተው ሰው አይጠረጥርም? ለኩሼ ዞር እላለሁ።»

ሰልዋ የውሃውን ዘዴ ያመጣችው ያኔ ነው። ከረጠበ አይነድም፣ ካልነደደ አይጨስም ብላ አሰበች። እርጥብ እንጨት ቤት ሙሉ እንደሚያጨስ ማን ይስተዋል? እሷም ታውቃለች። ግን ፍርሃት የሚያውቁትንም ያስረሳል።

«ቆይ፣ መፍትሔው እኔ ጋ አለ» አለ የሰልዋ ታላቅ ወንድም ሸኪብ። ሮጦ ከአባታቸው ሱቅ በሃይላንድ ጠርሙስ ላምባ ይዞ መጣ። ሰልዋ ተው ልትለው ፈለገች፤ ለምን ቢላት የምትመልሰው የላትም። ላምባው ክምሩ ላይ ፈሰሰ። ሚራክል ሦስተኛውን ክብሪት ጫረች።

እሳቱ ቦግ አለና ወዲያው ወደ ውስጥ ገባ። ከዚያ ጭሱ መጣ፤ ወፍራም፣ ቢጫ፣ ፕላስቲክ ፕላስቲክ የሚሸት። የኅዳር ጠዋት ብርዱ ነው እንጂ ነፋስ የለውም። ጭሱ ወደ ላይ መሄድ አቅቶት ጠባቡን መንገድ ሞላው። ሰዉ እየሳለም እየሳቀም አፍንጫውን ሸፈነ። እማማ አማረች ክፉውን ሁሉ ይዞልን ይሂድ እያሉ መረቁ።

ሰልዋ ሚራክልን ፈለገቻት። ዞር እላለሁ ያለችው ልጅ ግድግዳ ተደግፋ፣ ጎንበስ ብላ፣ ትከሻዋ ከፍ ዝቅ ይላል። ደረቷ እንደ ፉጨት ያለ ድምፅ ያወጣል። የፈሩት ይደርሳል የሚባለው እውነት ሆነ፤ ያውም በሰልዋ እጅ።

የዚያው መንደር ነዋሪ የሆነው ቲቸር ሳህሌ ከጭሱ ውስጥ ብቅ አለ። ምን ሆነሽ ሲላት ትን ብሎኝ ነው አለች፤ ሦስቱን ቃላት ለመጨረስ ሁለቴ ተነፈሰች። ሰዉ ውሃ ስጧት አለ። ቲቸር ሳህሌ ወደ ሰልዋ ዞረ።

«አንቺ ጓደኛዋ ነሽ። ምን ሆና ነው?»

ሚራክል ቀና ብላ አየቻት። ከንፈሯ ጠቁሯል። እንደዚያም ሆና ራሷን በትንሹ ነቀነቀች፤ እንዳትናገሪ ማለቷ ነው።

«አስም አለባት» አለች ሰልዋ። «መድኃኒቷ ትራሷ ሥር ነው።» መልስ ሳትጠብቅ ሮጠች።

ፓፉን ይዛ ስትመለስ ቲቸር ሳህሌ ሚራክልን አቅፎ ጭስ ወደሌለበት አስፋልት ዳር አውጥቷት ነበር። ሁለቴ ነፋችው። ከብዙ ቆይታ በኋላ ትንፋሿ መለስ አለ፣ ከንፈሯም ቀላ። ስለ ቅዳሜው ሩጫ ቲቸር ሳህሌ አንድም ነገር አልተነፈሰ። ነገ ከእናትሽ ጋር ነይ ብቻ ብሏት ውሃ ሊገዛላት ሄደ።

«ወላሂ ብለሽኝ ነበር» አለች ሚራክል።

«አዎ» አለች ሰልዋ። ማልቀስ አማራት። «ክምሩንም ውሃ ያፈሰስኩበት እኔ ነኝ። የማይነድ መስሎኝ ነበር።»

ሚራክል ፊቷን ወደ አስፋልቱ አዞረች። ሰልዋ አጠገቧ ትንሽ ቆመች። ይቅርታ ማለት ፈልጋ ነበር፣ ግን የቱን እንደምታስቀድም አላወቀችም። ቲቸር ሳህሌ ውሃውን ይዞ ሲመለስ ሰልዋ ብቻዋን ወደ መንደሩ ገባች።

ክምሩ አሁንም ይጨሳል። ሰልዋ ከሱቃቸው ጓሮ አካፋ ይዛ ወጣች። ሸኪብ ምን ሆንሽ ብሎ ሊስቅባት ሲል ፊቷን አይቶ ተወው። እማማ አማረች ግን መንገዷ ላይ ቆሙ።

«ምን ልታደርጊ ነው፣ ልጄ? ሳያልቅ አይነካም እኮ።»

«አፈር ላለብሰው ነው።»

«የዓመት ነገር ነው፤ ተይው ይጨርስ።»

«እማማ፣ ሚራክል ወደ ቤቷ የምትገባው በዚህ በኩል ነው» አለች ሰልዋ።

አሮጊቷ ወደ አስፋልቱ አዩ፣ ጭሱንም አዩ፣ የነጠላቸውን ጫፍ ሰብስበው መንገድ ለቀቁላት።

ሰልዋ የመጀመሪያውን አካፋ አፈር ደፋች።