የሎርድ ሃልድሬት ወራሽ

በ፲፱፻፹፭ ዓመተ ምሕረት፣ በኅዳር ወር፣ የስቶክሆልም ፀሐይ ገና ከሰዓት በኋላ ሳይገፋ ትጠልቅ ነበር፤ የሜላረን ሐይቅም ዳር ዳሩን በረዶ መያዝ ጀምሮ ነበር። በዚያ ሰሞን በአንዱ ቀን ወይዘሮ ታየች ከልጃቸው ከመቶ አለቃ ዕንባቆም ባዩ ጋር ከሚኖሩበት ከብሬዴንግ ቱነልባና በሚሉት የከተማ ባቡር ተነሥተው፣ ባለጸጎች ወደሚኖሩበት ወደ ኦስተርማልም ሄዱ፤ የሄዱትም እናቲቱ ሃምሳ ዓመት በሚጠጋ ጊዜ ውስጥ ስሙን አንሥተውት ወደማያውቁት ሰው ቤት ነበር።

ሰውየው እንግሊዛዊው ሎርድ ኤድመንድ፣ አሥረኛው የሃልድሬት ባሮን ይባላሉ። የመጀመሪያው ባሮን በጦር ሜዳ ለንጉሣቸው በዋሉት ውለታ ርስትና ማዕረግ ተቀበሉ፤ ከዚያ ወዲህ ሦስት መቶ ዓመት ሙሉ ማዕረጉ ከአባት ወደ ልጅ፣ ወንድ ልጅ ሲታጣም ወደ ወንድም ሲተላለፍ ኖረ። ሴት አትወርሰውም፤ ከጋብቻ ውጭ የተወለደም አይወርሰውም። የኤድመንድ አያት የርስቱን ደን ሸጡ፤ አባታቸው በመጠጥ አለቁ፤ ታላቅ ወንድማቸው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከመርከቡ ጋር ባሕር ውስጥ ቀረ።

የወንድማቸው መርዶ የደረሳቸው አዲስ አበባ ነው። ኤድመንድ ጣሊያን በወጣ ጊዜ ከእንግሊዝ ጦር ጋር የገቡ ወጣት ሻምበል ነበሩ፤ ጉለሌ ከተከራዩት ቤት ጎረቤት ከነበረችው ከልጅ እግሯ ታየች ጋር ተዋደው ወንድ ልጅ ወለዱ። ማዕረጉ በእጃቸው በገባ ጊዜ ግን ለባሮን የሚገባ ጋብቻ ያሻል አሉ፤ ዓመት ሳይሞላም አዲስ አበባ ትሠራ የነበረች ኢንግሪድ የተባለች ስዊድናዊት ነርስ አግብተው ወደ እሷ አገር ሄዱ። ሕፃኑን የምድር ባቡር ሠራተኛ የነበሩት አቶ ባዩ፣ እናቱን አግብተው አሳደጉት፤ ስማቸውንም ሰጡት።

ዕንባቆም አድጎ የጦር መኮንን ሆነ፤ በ፲፱፻፹፫ መንግሥት በተለወጠ ጊዜም እስር ፈርቶ እናቱን ይዞ ተሰደደ። ስቶክሆልምን የመረጡት እናቱ ነበሩ፤ ምክንያታቸውን ግን አልተናገሩም። አሁን የጥገኝነት ማመልከቻው ለመጨረሻ ጊዜ ውድቅ ሆኖ፣ ጉዳዩን የያዘችው ጠበቃ «በዚህ አገር የመኖሪያ መብት ያለው የሥጋ ዘመድ ቢኖርህ አንድ ተስፋ ነበረን» ስትለው፣ ወይዘሮ ታየች ያን ዕለት ማታ አባቱ ማን እንደሆነ ነገሩት።

ሎርድ ኤድመንድ በሕመም መንምነው፣ ትልቅ ወንበር ውስጥ ሰምጠው ተቀምጠዋል። ኢንግሪድ ከሞተች ቆይታለች፤ ከእሷ የወለዱት አንድ ልጃቸውም ወራሽ ሳይተካ በመኪና አደጋ አልፏል።

«ታየች ነሽ?» አሉ በተሰባበረ አማርኛ።

«ነኝ ጌታዬ። ይህ ልጅዎ ነው።»

ባሮኑ የዕንባቆምን ፊት ሲመለከቱ የሰጠመውን ወንድማቸውን ያዩ መሰላቸው። ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ ዳሩ ግን መጀመሪያ ከአፋቸው የወጣው ይቅርታ አልነበረም።

«በቤተ ክርስቲያን ተጋብተን ነበር በይ» አሉ። «የዚያ ዘመን ቄስ ሞቷል፤ እንጋባ አንጋባ የሚያውቅ ሰው የለም። አንቺና እኔ ከማልን ልጁ አሥራ አንደኛው ባሮን ይሆናል፤ ከዚህ አገርም ማንም አያባርረው።»

ዕንባቆም ወደ እናቱ ዞረ።

«እማዬ፣ እባክሽ በይ። አንድ ቃል ነው።»

«እኔ ሚስት ከሆንሁ ኢንግሪድ ምን ልትሆን ነው?» አሉ ታየች። ወደ ልጃቸውም ዞረው ቀጠሉ። «አንተን ያዋለደችኝ እሷ ናት። ምጡ ሲጠናብኝ እጄን ይዛ አጠገቤ ቆየች። የማን ልጅ እንደሆንህ አታውቅም ነበር፤ እኔም አልነገርኋት። ዕድሜዋን በትዳር ኖራ ከሞተች በኋላ ውሽማ ነበረች ብዬ አልምልም። የሞተ ልጇንም ዲቃላ አላሰኘውም።»

ከዚያም ወደ ባሮኑ ተመለሱ። «እውነቱን ይናገሩ ጌታዬ። ሳላገባ የወለድሁት ልጄ ነው ይበሉ። እኛ ሌላ አንፈልግም።»

«እንደዚያ ካልሁ ማዕረጉ ከእኔ ጋር ይቀበራል።»

«ማዕረጉ ይቀበር። ልጅዎ ግን በሕይወት አለ።»

ሎርድ ኤድመንድ ራሳቸውን በእምቢታ ነቀነቁ። «አልችልም» አሉ። «የሃልድሬት ባሮን ዲቃላ ነበረው አላሰኝም።»

በመመለሻቸው ባቡሩ ሊልየሆልመን ጣቢያ ደረሰ። ዕንባቆምም «ለሞተች ሴት ክብር ብለሽ እኔን አሳልፈሽ ሰጠሽኝ» አለ። ወይዘሮ ታየች ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

ባሮኑ በጥር ወር ሞቱ። የቀብራቸው ጸሎት በእንግሊዞች ቤተ ክርስቲያን ሲደረግ እናትና ልጅ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። ቄሱ የሃልድሬትን ባሮኖች ስም ከመጀመሪያው አንሥተው በየተራ ጠሩ፤ ሲጨርሱም «ዘራቸው በእሳቸው አበቃ» አሉ። የተገኘው ለቀስተኛ ጥቂት፣ አብዛኛውም ሽማግሌ ነበርና ሣጥኑን የሚያነሣ ሰው ጎደለ። ቀብር አስፈጻሚው ዓይኑን ቢያማትር ጠንካራ ትከሻ ያለው ዕንባቆም ብቻ ሆኖ አገኘው፤ ጠጋ ብሎም «ይቅርታ፣ ሊረዱን ይችላሉ?» አለው።

ዕንባቆም እናቱን አየ። «ሂድ፤ አባትህ ነው» አሉት በቀስታ። ተነሥቶም ከማያውቁት ሰዎች ጋር ሣጥኑን ተሸከመ። ለቀስተኞቹ ሥርዓት ያለው ሰው ነው ብለው አመሰገኑት፤ ማን እንደሆነ የጠየቀው ግን አልነበረም።

በመጋቢት ፖሊሶች ወደ አገሩ ሊመልሱት መጥተው ወሰዱት። እናቱ ታመው ስለነበር እንዲቀሩ ተፈቀደላቸው፤ በበሩ ላይ ሲሰናበቱም «ይቅር በይኝ» ያለው እሱ ነበር። አዲስ አበባ ታስሮ ተፈታ፤ በአንድ ትምህርት ቤትም ሒሳብ ያስተምር ጀመር። ወይዘሮ ታየች ከአምስት ዓመት በኋላ ሻርሆልመን ውስጥ በአረጋውያን ቤት አረፉ፤ ልጃቸው ቪዛ ተከልክሎ አልቀበራቸውም።

የእንግሊዝ መሳፍንትን የትውልድ ሐረግ የሚመዘግቡ ሰዎች በአሥረኛው ባሮን ስም ሥር «ያለ ወራሽ ሞቱ፤ ማዕረጉም ጠፋ» ብለው ጽፈዋል። በሕጋቸው መሠረት አልተሳሳቱም። ኢንግሪድም እስከ ዛሬ በዚያው መዝገብ የባሮኑ ሕጋዊ ሚስት ተብላ ትታወቃለች፤ ይህ ክብሯ በማን ልጅ መባረር እንደተጠበቀላት ግን የጻፈ የለም።