ከመጋረጃው ጀርባ ያለው ስልክ

«እኔ ነኝ የጠቆምኩት? እኔ?» አለች ሻሼ የጆሮ ማዳመጫዋን አውልቃ።

ጉዲቱ አላመነቻትም። የናዝሬት ስልክ ቤት ኦፕሬተር ሻሼ ካልሆነች ማን ሊሆን ይችላል? ከውትድርና አፈሳ የሸሸው የጉዲቱ ወንድም ገርባ አዳሚ ቱሉ መደበቁን በስልክ በነገራት ማግስት ሚሊሻዎች ቤቱን ከበቡት። ያመለጠው ለጥቂት ነው። የከተማው ስልክ ሁሉ የሚያልፈው ደግሞ በሻሼ እጅ ነው። የጉዲቱ እናትም ጎረቤቱም የሚያሙት ሻሼን ነበር።

«ስሚኝማ፣» አለች ሻሼ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እኔ ማዞሪያው ላይ አንዱን መስመር ካንዱ ጋር አገናኛለሁ፤ ሌላ ሰው አይገባበትም። መስማት ብፈልግ እሰማለሁ፣ አልዋሽሽም። የምትደውይበት ሱቅ ግን ባንድ መስመር ላይ ሁለት ስልክ አለው። የጓዳውን ያነሳ ሰው ሁሉንም ይሰማል። ሲያነሳው ድምፅ ይደክማል። ባለፈው አልደከመብሽም?»

ደክሞባት ነበር። «አልሰማህም!» እያለች ጮሃለች። ግን ሱቁ የጋሽ አብተው ነው፤ የጓደኛዋ የበላይነሽ አባት። የጓዳው ስልክ ከተበላሸ መቆየቱን የነገረቻት ራሷ በላይነሽ ናት። ጉዲቱ ተናደደች። ይቺ ሴትዮ የራሷን ጥፋት በሰው ልታላክክ ነው!

ከትምህርት መልስ ከበላይነሽ ጋር ሱቁ ገባች። ገርባ ዝዋይ፣ አንድ ነጋዴ ቤት ስልክ አጠገብ እየጠበቃት ነው። አርሲ ነገሌ ወዳለው አጎታቸው እንዲሄድ ልትነግረው ነው የመጣችው።

«አንቺ አውሪ፤ እኔ አቦ ውሃ ጠማኝ፣» ብላ በላይነሽ መጋረጃውን ገልጣ ጓዳ ገባች።

ጉዲቱ የሱቁን ስልክ አነሳች፤ ሻሼ ከስልክ ቤቱ መስመሩን አገናኘች።

«ጉዲ! አካም ጅርታ? ደህና ነሽ? ወዴት ልሂድ?»

ልትመልስለት አፏን ስትከፍት መስመሩ ውስጥ ቀጭ የሚል ነገር ተሰማ።

«ጉዲ? አለሽ?» የወንድሟ ድምፅ ደክሟል።

ጉዲቱ መጋረጃውን አየችው። ጓዳ ውስጥ ከበላይነሽ በቀር ማንም የለም።

«መተሃራ ሂድ፣» አለች ቀስ ብላ። «አክስታችን ፀሐይቱ ጋ።»

ፀሐይቱ የምትባል አክስት የለቻቸውም።

«ገባኝ፣» አለ ገርባና ዘጋው።

በላይነሽ አፏን እየጠረገች ወጣች። «ነገርሽው? የት ሊሄድ ነው?»

ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነው የተቀመጡት። ጉዲቱ እንባዋ መጣ፤ ዋጠችው።

«መተሃራ፣» አለቻት፣ ዓይን ዓይኗን እያየች።

ከሱቁ እንደወጣች ወደ ቤቷ የሚወስደውን መንገድ ትታ፣ ለገርባ እውነተኛውን ቦታ በአካል ልትነግረው፣ የዝዋይ አውቶቡስ ሳያመልጣት ለመድረስ ወደ መናኸሪያው ታጠፈች።