ሞላልኝ የተከለው ብረት

ቀረብ በሉ። በሩን ግን አትዝጉት።

እንዲህ ያለ ድቅድቅ ጨለማ ነበር። ከሞላልኝ ቤት እስከ ሾላው ዛፍ አንዲት ቀጭን መንገድ አለች። በማታ ማን ይሄድባታል? ማንም!

ሞላልኝ ራዲዮ ጠጋኝ ነበር። መብራት መንደራቸው በገባ ሰሞን የተሰበረ ሲዲ ማጫወቻ ገዝቶ ፈታታው። ሞተሩን ከአሮጌ ቴፕ፣ ትራንስፎርመሩን ከትልቅ ራዲዮ አምጥቶ ገጣጠመው። ይህ የምነግራችሁ ቀን የእህቱ የስንዱ ሠርግ ዋዜማ ነው። ባለፈው የጎረቤት ሠርግ ይኸው ማሽን ሲያጉረመርም፣ «በሬ አስረህ ነው የምታዘፍነን?» ብለው ስቀውበታል። ዳግም ከሚሳቅበት ሞቱን ይመርጣል።

አበራው። ምን ሰማ? እምምምም! ሽቦ ቀየረ፤ እምምም። ሞተሩን አላቀቀ፤ እምምም። በጥፊ መታው፤ እምምም።

«የጎደለው ግራውንድ ነው» አለ። ማሽኑን ከመሬት የሚያገናኘውን ብረት ማለቱ ነው። ብረቱ ደግሞ እርጥብ መሬት ይፈልጋል። በዚያ በጋ ሣሩ የለመለመው ከሾላው ሥር ብቻ ነበር። ለምን ለመለመ ብሎ ጠየቀ? አልጠየቀም!

«ወንድምዬ፣ እዚያ ከብት እንኳ አይግጥም። ሽማግሌ ጠይቅ» አለችው ስንዱ።

«ብረት ለመትከል ሽማግሌ ልላክ? ሚስት መሰለሽ እንዴ!»

ከሾላው ሥር ብረቱን አቁሞ በመዶሻ መታው። ጧ! ጧ! በሦስተኛው መሬቱ እንደ ሥጋ ለሰለሰ። ሽቦውን እስከ ቤቱ ዘርግቶ ማሽኑን አበራ። ጸጥ! ሞላልኝ በደስታ አለቀሰ።

ሲመሽ ማሽኑ ተነፈሰ። ቆይቶ አቃሰተ። ሲዲ ውስጡ የለም፣ ልብ በሉ!

«ደረቴን ወጋኸኝ። ንቀልልኝ።»

ከሾላው ሥር ማን ነበር? በመጥረቢያ ተጨፍጭፎ፣ ያለ ፍታት የተቀበረ መንገደኛ። ሽማግሌዎቹ ያውቁ ነበር። ማን ጠየቃቸው?

ሞላልኝ ማሽኑን ከሶኬት መዘዘው። ድምፁ አልቆመም።

«ብቻህን አትውጣ! ጎረቤት ልጥራ» አለች ስንዱ።

ጎረቤት ከመጣ ይስቃላ! ሽቦውን በእጁ ይዞ፣ እሱን እየተከተለ ወጣ። ሽቦው እርጥብ ነው። አሸተተው። ደም! ፈራ፤ ግን ቀጠለ። መንገዱ አጋማሽ ላይ ሽቦው ላላ። ከዚያ ተወጠረ። ከዚያ ጎተተው!

«ማነህ?» አለ ሞላልኝ።

«ራስህ ወግተኸኝ፣ ማነህ ትለኛለህ?»

ጧ! ጧ! ጧ! ስንዱ ከቤት ሆና ሦስቱንም ሰማች።

ሲነጋ ሞላልኝን በገዛ ብረቱ ከሾላው ግንድ ጋር ተቸንክሮ አገኙት። ደረቱ ለሁለት ተሰንጥቋል። ለሠርግ የተተከለው ድንኳን ለለቅሶ ዋለ። ማሽኑ ግን እስከ ቀብሩ ድረስ በሞላልኝ ድምፅ «ንቀሉልኝ» ይል ነበር።

ብረቱን ነቅለው ሬሳውን ቀበሩ። ሽቦውን ግን ማን ይንካው? እስከ ዛሬ እዚያው ነው። በማታ ብቻችሁን አትሂዱ። ሾላው ሩቅ ነው ብላችሁም አትዘናጉ፤ ሽቦው ረጅም ነው።

አንተ በሩ አጠገብ የተቀመጥከው፣ እግርህ ላይ የተጠመጠመው ምንድን ነው?

አትንካው!