በዓመት አንዴ የሚሰማ ድምፅ

ኢንስፔክተር ሰብለ ወንጌል ከዓባይ ማዶ ወዳለው ቤት ስትደርስ ቅዳሜ ከጧቱ አራት ሰዓት ሆኗል። ሟቹ አቶ አስናቀ ሳሎኑ ወለል ላይ በጎናቸው ተጋድመዋል። የስድሳ አራት ዓመት ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በፋብሪካ የኤሌክትሪክ ሠራተኛነት አሳልፈው ጡረታ የወጡ። አጠገባቸው ሆዱ የተከፈተ አምፕሊፋየር ተገልብጦ ተቀምጧል። ከወዲያና ከወዲህ የሰው ደረት የሚደርሱ ሁለት የዋንዛ ስፒከሮች ቆመዋል፤ መደርደሪያውን ሸክላና የቴፕ ክር ሞልቶታል።

«አደጋ ነው» አለ ቀድሞ የደረሰው ፖሊስ። «ያረጀ ዕቃ ሲነካኩ ኤሌክትሪክ ያዛቸው።»

ሰብለ ወንጌል ሃያ ሁለት ዓመት በምርመራ ስትሠራ አንድ ልማድ አፍርታለች፤ የሕያውም ሆነ የሙት ሰው ፊት ከማየቷ በፊት እጁን ታያለች። ተንበረከከች። በሟቹ ቀኝ አመልካች ጣት ላይ ምስር የምታህል ጥቁር ቃጠሎ አለች፤ በግራ መዳፋቸው ላይም ሌላ። ከዚያ የአምፕሊፋየሩን ገመድ በዓይኗ ተከተለች። ገመዱ ከግድግዳው ተነቅሎ፣ በሥርዓት ተጠቅልሎ ጎን ላይ ተቀምጧል።

«ሶኬቱን የነቀለው ማን ነው?»

«እኔ አልነካሁም» አለ ፖሊሱ።

«እኔም አልነካሁም» አለች በሩ ላይ የቆመች ወጣት። የሟቹ ብቸኛ ልጅ ርሆቦት ናት፤ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። ዓይኗ አብጧል። «ቁርስ ቀርቧል ልለው ስገባ እንዲህ ሆኖ አገኘሁት።»

«እንግዲያው ከተነቀለ ዕቃ ውስጥ የገደላቸው ኤሌክትሪክ ከየት መጣ?» አለች ሰብለ ወንጌል።



አስከሬኑ ለምርመራ ወደ ሆስፒታል ከተወሰደ በኋላ ሁለቱ ሴቶች ግቢው ውስጥ ተቀመጡ።

«አባትሽ ዛሬ ለምን ከፈቱት?»

«ነገ የእናቴ ሙት ዓመት ነው፤ ሁለተኛ ዓመቷ። የእሷ ድምፅ ያለበት አንድ ክር አለን። እኔ ሳልወለድ በፊት ነው የቀዳት። ከቁንዝላ በጀልባ ተጭና፣ ሙሽራ ሆና ስትመጣ ያየችውን ሁሉ አርባ ደቂቃ ታወራለች። ክሩ እንዳይላላ ብሎ በዓመት አንድ ቀን ብቻ ነው የሚያሰማን። ዓምና በሙት ዓመቷ ሰማናት። ነገ ደግሞ…»

አልጨረሰችውም። 

«ነገ እነማን ነበሩ የሚመጡት?»

«የእሑድ ጓደኞቹ። አጎቴ ሣህሉ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፤ አናጢ ነው፣ እነዚህን ስፒከሮች የሠራ እሱ ነው። መሪጌታ ጥዑመ ልሳን፤ እሳቸው ዜማ በጥሩ ዕቃ ሲሰሙ ምግብም አያምራቸው። ብሩክ ደግሞ ኮሌጅ ያስተምራል። በየሳምንቱ አንዱ ቤት ተሰብስበው ይሰማሉ፣ ይከራከራሉ። ስፒከሩ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ይራቅ፣ አይራቅ ብለው ከምሳ እስከ ምሽት ይሟገታሉ።» ፈገግ ልትል ስትል እንባዋ ቀደማት።

«የተጣላቸው አለ?»

«ሐሙስ ዕለት ከብሩክ ጋር ተጯጩኸዋል።»

«የቤቱ ቁልፍስ ማን ጋ አለ?»

«እኔና አጎቴ ጋ። ግን ዓርብ አባቴ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ በሩ ገርበብ ብሎ ነው የሚውለው። የእሑድ ጓደኞቹ ሲፈልጉ ገብተው ሸክላ ይወስዳሉ።»

ብሩክ ሲጠራ ሮጦ መጣ። የሠላሳ ዓመት ልጅ ነው፣ ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣ። ሰብለ ወንጌል ወደተከፈተው አምፕሊፋየር ወሰደችውና እጁን እያየች ጠየቀችው።

«ሐሙስ ለምን ተጣላችሁ?»

«የባለቤታቸውን የእትዬ ሥርጉትን ክር ኮምፒዩተር ላይ ልገልብጠው ብዬ ለመንኳቸው። ክር ይበላሻል፣ ይጠፋል አልኳቸው። ‹ኮምፒዩተር ውስጥ ከገባች ትደርቅብኛለች› አሉኝ። ሌላ ጊዜ ስንከራከር ይስቃሉ። ሐሙስ ግን ተቆጡ። ‹ጊዜው አልፏል፣ ተወው!› ብለው ጮኹብኝ። አልገባኝም።»

«ይህን ዕቃ ታውቀዋለህ?»

«ራሳቸው ናቸው የሠሩት። ባለ አምፖል ነው።» ብሩክ ጎንበስ ብሎ በእስክሪብቶ ጫፍ እየጠቆመ አስረዳት። «እነዚህ ቆርቆሮዎች ኤሌክትሪክ ያጠራቅማሉ። ሶኬቱ ቢነቀልም ይዘውት ይቆያሉ፤ ሰው ይገድላሉ። ስለዚህ ማፍሰሻ ይደረግላቸዋል፣ ይቺ ትንሽ ዕቃ። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ባዶ ታደርጋቸዋለች። ጋሽ አስናቀ ነቅለው፣ ሁለት ደቂቃ ጠብቀው…» እስክሪብቶው ቆመ። «ተቆርጧል። የማፍሰሻው ሽቦ ተቆርጧል!»

ሰብለ ወንጌል አጎንብሳ አየች። ሽቦው የተቆረጠው ከሥሩ ነው፤ ጫፎቹ ስላልተለያዩ ላላወቀ ሰው ደህና ይመስላል።

«እንዲህ ያለ ሰው ሳይለካ እጁን ይሰዳል?»

ብሩክ ፊቱ አመድ መሰለ። «ሁልጊዜ በቴስተር ይለካሉ። ቴስተራቸው ግን… እኔ ጋ ነው። ሐሙስ ተውሼ ሄድኩ። ከተጣላን በኋላ ለመመለስ አፈርኩ።» እጁን አፉ ላይ ጭኖ ቁጭ አለ።

መሪጌታ ጥዑመ ልሳንን ያገኘቻቸው ከሰዓት በኋላ፣ ከሐይቁ ዳር ካለ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሥር ነው። ከፊታቸው ጣና ጸጥ ብሏል። መቋሚያቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ተቀምጠዋል።

«ዓርብ አቶ አስናቀ ቤተ ክርስቲያን በነበሩ ጊዜ እርስዎ የት ነበሩ?»

«ከጎኑ ቆሜ ነበር፣ ልጄ። ከኪዳን እስከ ቅዳሴ አልተለያየንም።»

«ሰሞኑን የከበዳቸው ነገር ነበር?»

ሽማግሌው ወደ ሐይቁ አዩ። «ነበረ።»

«ምን?»

«አደራ ነው። ሕያውን ሰው የሚጎዳ አደራ ነው። ከእኔ አትውሰጂው፤ ራስሽ ከደረስሽበት ግን አልክድም።»

ሰብለ ወንጌል መቋሚያውን የጨበጡትን እጆች አየች። ከመክሳታቸው የተነሣ ደም ሥራቸው ተገትሯል፤ ግን አልደበቋቸውም።

አቶ ሣህሉን ፍለጋ ስትሄድ የእንጨት ሥራ ቤታቸው ክፍት ነበር። አናጢው የሚሠሩት የሬሳ ሣጥን ነው። የዋንዛ ሳንቃ በመላጊያ እየላጉ፣ በመሐል እያሳሉ፣ ቀና ሳይሉ መለሱላት።

«ለስፒከር ያስቀመጥሁት እንጨት ነው። ለእሱው ሆነ።»

«ዓርብ ጧት የት ነበሩ?»

«እዚሁ።»

«ከእህትዎ ባል ጋር ትዋደዱ ነበር?»

መላጊያው ቆመ። «ቁንዝላ ለሥራ መጥቶ እኔ ቤት ነው ያረፈ። እህቴን እኔው ሰጠሁት። አርባ ዓመት አንድ ቀን አልተቀያየምንም።» ይህን ሲሉ ሁለት እጆቻቸውን ከሽርጣቸው ሥር ከተቱ። በዚያ ዕለት እጁን ከእሷ የሸሸገ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ነበሩ።

ከግድግዳው ላይ መሮዎች እንደ መጠናቸው ተሰድረዋል። ትንሹን አውርዳ ወረቀት ላይ ጫን አደረገችው። የቀረው ምልክት ስፋቱ የጥፍር ያህል ነው፤ በስተግራ ጫፉ ላይ ትንሽ ስብራት አለው።

«ይህን ለጊዜው እወስደዋለሁ» አለች። አቶ ሣህሉ ምን ያደርግልሻል ብለው እንኳ አልጠየቋትም።

እሑድን ሙሉ ሙት ዓመቱን ያስታወሰ ሰው አልነበረም፤ ቤቱ ሌላ ልቅሶ ላይ ነው። ሰብለ ወንጌል ብሩክን ጠርታ የሥርጉትን ክር በአቶ አስናቀ ቴፕ፣ በጆሮ ማዳመጫ አስከፈተችው። ሲያበቃ ልጁ ማዳመጫውን አውልቆ ለእሷ ሰጣትና እንባውን ጠረገ። እሷም ከሰማች በኋላ ለማንም እንዳይናገር አስጠነቀቀችው።

ሰኞ ጧት፣ አስከሬኑ ከሆስፒታል ሳይመጣ፣ አራቱን ሳሎን ውስጥ አስቀመጠቻቸው። ብሩክ የራሱን አምፕሊፋየር አምጥቶ ከዋንዛዎቹ ስፒከሮች ጋር አገናኝቷል።

«አቶ አስናቀ ጠንቃቃ ሰው ነበሩ» ብላ ጀመረች። «ሶኬቱን ነቅለዋል፣ ገመዱን ጠቅልለዋል፣ ሁለት ደቂቃቸውን ጠብቀዋል። የገደላቸው የማፍሰሻው ሽቦ መቆረጥ ነው። ማን ቆረጠው? ብሩክ ተጣልቷቸዋል፣ ቴስተራቸውም እሱ ጋ ነበር። ግን የተቆረጠውን ቦታ በእስክሪብቶው ያሳየኝ ራሱ ነው፤ እሱ ዝም ቢል እኔ አላየውም ነበር። በዚያ ላይ የኤሌክትሪክ ሰው ሽቦ የሚቆርጠው በፒንሳ ነው። ፒንሳ ከሁለት በኩል ይነክሳል። ይህ ሽቦ የተቆረጠው ከላይ ወደ ታች በአንድ ምት ነው፤ ከሥሩ ያለው የዕቃው ወለል ብረት ላይ የጥፍር ያህል ሰረዝ ቀርቷል። ሰረዙ በስተግራ ጫፉ ስብራት አለው። መሮ ነው።»

ሁሉም ወደ አቶ ሣህሉ ዞሩ። አቶ ሣህሉ ወለሉን እያዩ ነበር።

«መሮው ማን እንደሆነ ነገረኝ፤ ለምን የሚለውን ግን አልነገረኝም። የሚዋደዱ ሰዎች ናቸው። ሽቦው ዓርብ ሲቆረጥ፣ ከሁለት ቀን በኋላ በዚህ ዕቃ ሊሰማ የነበረው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ክሩ። ስለዚህ ክሩን ሰማሁት።» ወደ ርሆቦት ዞረች። «ይህን መስማት ካልፈለግሽ መውጣት ትችያለሽ።»

«እሰማለሁ» አለች ርሆቦት።

ብሩክ ቁልፉን ተጫነ። ሹክ የሚል ድምፅ ቀደመ፤ ከዚያ የአንዲት ወጣት ሴት ድምፅ ከሁለቱ ስፒከሮች መካከል፣ እዚያው የተቀመጠች ያህል ጥርት ብሎ ወጣ። «አስናቀ፣ ቀይዋ መብራት በራች እኮ።» ሳቀች። «አሁን ልናገር ወይ?»

ከዚያ ቀጭ አለ። ቀጥሎም የመላጊያ ድምፅ፣ እንጨት የሚልግ፣ የሚያርፍ፣ ደግሞ የሚልግ። በመሐል አንድ ሰው አሳለ። ሳሉን ሁሉም ያውቁታል።

«አጥፋው» አሉ አቶ ሣህሉ። «ስለ እግዜር፣ አጥፋው።»

ብሩክ አጠፋው።

«ናፈቀችኝ» አሉ አናጢው። «በዓመት አንዴ አልበቃኝ አለ። ባለፈው ወር በቁልፌ ገብቼ ክሩን ከነቴፑ ወሰድሁት፤ ሥራዬን እየሠራሁ ልሰማት። ዓይኔ ደክሟል። ድምፅ የሚቀዳውን ቀዩን ቁልፍ ተጭኜ ኖሯል። አንዴ ስቃ ዝም ስትል ድምፁን ያሳነስሁት መስሎኝ መሥራቴን ቀጠልሁ። ክሩን ወደ ኋላ ባዞረው የለችም። ለእሱ ምን ብዬ ልንገረው? ዘንድሮ ብቻ ይለፍ ብዬ አሰብሁ፤ ዕቃው ከተበላሸ ክሩ አይከፈትም። የአምፕሊፋየሩን ሣጥን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ አከፋፈቱን አውቃለሁ። ዓርብ ገብቼ ድምፅ ያመላልሳል ያልሁትን አንድ ሽቦ ቆረጥሁ። ሰው እንደሚገድል በምን ላውቅ? እኔ የማውቅ እንጨት ነው።»

መሪጌታ ጥዑመ ልሳን በመቋሚያቸው ተደግፈው ተነሡ።

«አሁን አደራው ይፈታ» አሉ። «ሣህሉ፣ አስናቀ ያውቅ ነበር። ረቡዕ ዕለት ክሩን ሊፈትሽ ከፍቶ ሰማው። ሳልህንም ለየው። ወደ እኔ መጣና አለቀሰ። ‹ለሣህሉ እንዳይነግሩት› አለኝ፤ ‹ማወቄን ከሰማ በኀፍረት ይሞትብኛል። ልናገር ወይ የምትለው ቀርታለች፤ እኔ በየዓመቱ ተናገሪ እላታለሁ፣ ትበቃኛለች። እሑድ እሷን ብቻ አሰምቻችሁ ክሩ አረጀ ብዬ እዘጋዋለሁ።› አምፕሊፋየሩን የከፈተውም ለዚያው ነው። እንደ ንብ ያጉረመርም ነበር፤ ድምፅዋ አጭር ስለሆነ ጉርምርምታው እንዳይሸፍናት ሊያጠራው ነው።»

አቶ ሣህሉ ከወንበሩ ተንሸራተው ወለሉ ላይ ተቀመጡ፤ እነዚያ ትልልቅ እጆች ጉልበታቸው ላይ ተዘርግተው ቀሩ። ብሩክ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ርሆቦት አጎቷን ቆማ አየቻቸው።

«ለምን አልነገርኸኝም?» አለች።

«አፈርሁ።»

«እኔን?»

«አንቺን። እሱን። እሷን።»

ውጭ የመኪና ድምፅ ተሰማ፤ አስከሬኑ መጥቷል። ሰብለ ወንጌል ካቴናውን ከኪሷ አላወጣችም። «ሰው ለመግደል አላሰቡም» አለች ዝግ ብላ፤ «ይህን እጽፈዋለሁ። ሰው ግን ሞቷል፤ ይህንንም እጽፈዋለሁ። ቀብሩ እስኪያልቅ ከጎንዎ እቆማለሁ።»

አቶ ሣህሉ ራሳቸው የሠሩትን ሣጥን ከፊት በኩል ተሸክመው እስከ መቃብሩ ሄዱ። ልቀበልዎ ላላቸው ሁሉ አልሰጡም። አፈሩ ከተመለሰ በኋላ ማንንም ሳይሰናበቱ ወደ ፖሊሱ መኪና ራሳቸው ተራመዱ። ርሆቦት ዞር ብላ አላየችም።

ሐሙስ ቀትር ላይ፣ ለቀስተኛው ሳይበተን፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ እንደለበሰች ምሳ ዕቃ ይዛ ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ቆመች። ሰብለ ወንጌል ከመስኮቷ አየቻት፤ አልወጣችም።

«ለማን ነው?» አለ ዘብ ጠባቂው።

«ለአቶ ሣህሉ።»

«ክፈቺና ቅመሺ።»

እንደ ደንቡ ከፈተች፤ ከሽሮው በእንጀራ ቆርሳ ጎረሰች፤ ለመዋጥ ጊዜ ወሰደባት። ዘቡ መዝገቡን ገለጠ።

«ገብተሽ ታይዋለሽ?»

«ዛሬ አልችልም።»

«ስም?»

«ርሆቦት አስናቀ።»

ጽፎ ቀና አለ። «ምኑ ነሽ?»

ከኋላዋ ሌሎች ጠያቂዎች ተሰልፈዋል። አንዲት ሴት በትዕግሥት ማጣት እግሯን ለወጠች። ርሆቦት የምሳ ዕቃውን ክዳን ሁለት ጊዜ ገጠመችው።

«የእህቱ ልጅ ነኝ» አለች።