በጥርሳም መቀስ የተቆረጠች ኪኒን

ልብስ ሰፊዋ የሞተችው ማክሰኞ ማለዳ ነበር። ሐሙስ ጠዋት ደግሞ አብራት የምትሠራው ታናሽ እህቷ በዚያው ትኩሳት፣ በዚያው የወገብ ውጋት ሆስፒታል ገባች።

የሆስፒታሉ የኢንፌክሽን መርማሪ፣ ልጅቷን ከሚያክመው ሐኪም ፊት ቆማለች። ገዳዩ ታውቋል፦ በሁላችንም ሆድ ውስጥ የሚኖር ተራ የአንጀት ባክቴሪያ፣ በሽንት በኩል ደም ውስጥ የገባ። ለሟቿ የተሰጣት መርፌ ግን ንክች አላደረገውም።

«የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው ላቦራቶሪው የሚነግረን ነገ ነው» አላት ሐኪሙ። «ልጅቷ እስከ ነገ መቆየቷን እንጃ። ቀደም ሲል ምን ሲውጡ እንደነበር አጣሪልኝ።»

ማጣራቱ ነበር ጣጣው።

«ልጆቼ ኪኒን የሚባል አይወዱም» አሉ እናትየው።

«ያለ ማዘዣ አንዲት ፍሬ አልሸጥም» አለ የሰፈሩ መድኃኒት ሻጭ፣ ገና ሳይጠየቅ።

«እኔ ልብስ ነው የማሰፋው፤ የምን መድኃኒት?» አለች የስፌት ቤቱ አለቃ።

መርማሪዋ ደሟ ፈላ። ሁሉም መልአክ ሆነው አረፉት! የሟቿን ቦርሳ ከእናትየው ተቀብላ ስትበረብር ግን አንዲት ባዶ የኪኒን ማሸጊያ አገኘች። የመድኃኒቱ ስም ተቆርጦ ቀርቷል። ጠርዟን ደጋግማ አየችና ሁሉንም ስፌት ቤቱ ውስጥ ሰበሰበች።

«ይቺ ከሙሉ ማሸጊያ ላይ ለብቻዋ ተቆርጣ የወጣች ናት» አለች። «ጠርዟን እዩት፤ ወጣ ገባ ነው። እንዲህ የሚቆርጠው የጨርቅ ጫፍ እንዳይተረተር የምትጠቀሙበት ጥርሳም መቀስ ነው።»

ዓይን ሁሉ አለቃዋ አንገት ላይ ወደተንጠለጠለው መቀስ ዞረ።

«መቀስ መያዝ ወንጀል ሆነ?»

«አልሆነም፣ እቴ። ግን ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የሠራተኞች የሰዓት መቆጣጠሪያ ወረቀት አየሁት። አሥራ አምስት ሰው፣ አንድ ሽንት ቤት፣ ሳሙና የለም። ሥራ በሚደራረብበት ሳምንት ሁሉ ግን ሆዴን አመመኝ ብሎ የቀረ የለም። የማን ሆድ ነው እንዲህ ጨዋ?»

ከሰፊዎቹ አንዷ ሳቋ አመለጣትና አፏን ያዘች።

«እና ምን ላድርግ!» ጮኸች አለቃዋ። «ሆዷን ላመማት አንዳንድ ፍሬ ሰጠሁ። ቀጥ ያደርገዋል! ለእነሱው ብዬ ነው፤ እኔም እውጣለሁ።»

«አንድ ፍሬ ደካማውን ባክቴሪያ ይገድላል። ብርቱው ይተርፍና ይራባል፤ መድኃኒቱን ይላመዳል፤ ከአንዷ እጅ ወደ ሌላዋ ይሄዳል። እዚህ ቤት ስትቀልቡት ኖራችሁ። አንተስ፣ ምን ነበር የምትሸጥላት?»

መድኃኒት ሻጩ ላቡን ጠረገ። «ደንበኛ ናት... መጀመሪያ አንዱን ነበር። አልሠራም ስትለኝ ከአምስት ወር በፊት ቀየርኩላት።»

«ስማቸውን!»

ሁለቱን ስም ተናገረ። የመጀመሪያው ሟቿ ስትወጋው የነበረው ነው። ሁለተኛውን ስትሰማ መርማሪዋ ስልኳን አወጣች።

«ዶክተር፣ ዛሬ የጀመርክላትን አቁመው። እሱንም ለምዶታል።»

«እጃችን ላይ የቀረው አንድ መድኃኒት ነው» አለ ሐኪሙ። «እሱም ኩላሊት ይጎዳል።»

«ሌላ ከሌለ ጀምረው።»

እናትየው ከተቀመጡበት ተነሡ።

«ያስ አንዱ ካልሠራ?»

መርማሪዋ ክንዳቸውን ይዛ «ይምጡ እናቴ፣ አጠገቧ እንሁን» አለቻቸው።